ሦስት ከመቶ

ደብረ ብርሃን፣ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት አልፏል፤
ውርጩ ቆርቆሮው ላይ እንደ ጨው ተነጥፏል።
የብርድ ልብስ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ
ያጓራል በሩቁ፣ አንዴ ዝም፣ አንዴ ነቃ።
ተራዬ ነገ ነው። ዛሬ ቤቴ ነኝ፤
ስምንት መስመር ኮድ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ስምንት መስመር ብቻ።
ውሰድ። አስቀምጥ። አወዳድር። ዝለል።
አሴምብሊ ይኸው ነው፤
ትርፍ ቃል አያውቅም፣ ሐረግ አይጠቀልል።

ጋሽ ሸዋቀና ነው ያስያዘኝ ፊደሉን፣
ከተጣለ ማሽን ሲፈታ አንጎሉን።
ቺፑን በመዳፉ ይዞ እንደ ባቄላ፣
«ይሄ» አለኝ «ያልሽውን ነው፣ አያውቅም ሌላ።
ያልሽውን ያደርጋል፤ ያሰብሽውን አይደለም።
ስትሳሳቺ እንኳን ቅር ብሎት አያውቅም።»

አሁን የያዝኩት ሥራ ክፍት ምንጭ ውስጥ ነው።
ሥዕል የሚያጣጥፍ፣ መልሶ የሚዘረጋ፤
ማንም ይቀዳዋል፣ አያስከፍል ዋጋ።
በእናቴ አገር፣ ሞላሌ፣ ምንጭ ባለቤት የለውም፤
ክረምት ሲወጣ ግን ሳይጠረግ አይቀርም።
አንዱ ዶማ ይዞ፣ አንዱ ደንጊያ አዝሎ፣
አንዱም ባዶ እጁን፣ «እኔም ልያዝ» ብሎ።
የዚህኛው ምንጭ ግን መዝገብ አለው፦
ማን የትኛውን ደንጊያ መቼ እንዳስቀመጠ፣
ለምን እንዳነሣው፣ በምን እንዳበለጠ።

ስምንቱን ወደ አምስት ዝቅ አደረግሁና
ሺህ ጊዜ ሰፈርኩት፣ ሰዓት ያዝሁና።
«ዘጠኝ ከመቶ ነው የፈጠነው» ብዬ
ላክሁት ለጠባቂው፣ ሁሉን አስተካክዬ።

ሦስት ቀን ዝም አለ። በአራተኛው መለሰ፤
«እኔ ስሞክረው» አለ «ዘጠኝ አልደረሰ።»
ስድብ አልነበረም። ስድብ ግን ይሻላል፤
ስድብን ይመልሱታል፣ ቁጥር ግን ምን ይባላል?

አዲሱን ደግሜ ለካሁ። ዘጠኝ። ደግሜ። ዘጠኝ።
«ያንተው ማሽን ይሆናል» ልለው ሲቃጣኝ፣
እጄን ላፕቶፑ ላይ እንዳጋጣሚ ጣልሁ፤
እንደ ወንዝ ደንጊያ ቀዝቅዞ አገኘሁ።

ያን ጊዜ ገባኝ።
አሮጌውን ኮድ ቀን፣ መስኮት ሥር፣ በፀሐይ፤
አዲሱን በሌሊት፣ ውርጭ ሲጋግር ጣሪያ ላይ።
ማሽን ሲሞቅ ይደክማል፣ ራሱን ይቆጥባል፤
የኔው ግን በዚህ ብርድ ከየት አምጥቶ ይሞቃል?
የጻፍኩት አይደለም የፈጠነው ለካ፤
ከጎኔ ቁጭ ብሎ ውርጭ ነው የለካ።

ተነሥቼ ከአልጋዬ ዝተቱን ገፈፍሁ፤
ላፕቶፑን እንደ አራስ ልጅ ጠቀለልሁ።
አጎቴ ደምሰው የሠራው፣ የሞላሌ ጠጉር፤
ከባድ ነው፣ ይኮሰኩሳል፣ ግን ብርድ አያሻግር።
እኔ በነጠላ፣ እሱ በዝተት፣
ቁጭ ብለን ጠበቅን የሚግልበትን ሰዓት።
ማራገቢያው ጮኸ፤ ማሽኑን አተኮሰው፤
ሁለቱንም ለካሁ፣ አንዱንም ሳላግዘው።

ሦስት ከመቶ።

ከዘጠኙ ስድስቱን ውርጭ ወሰደው መልሶ፤
ሦስቱ ግን ቀረልኝ፣ እውነት ሆኖ፣ አንሶ።

«ተሳስቻለሁ» ብሎ መጻፍ ከአሴምብሊ ይከብዳል፤
ጣት እንደ ውርጭ ሣር ድርቅ ይላል።
ጻፍኩት። ብርዱንም ጻፍኩት። ዝተቱንም ጻፍኩት።
ቢስቅብኝም ይሳቅ፣ እንደሆነው ነገርኩት።

ወፍ ሲንጫጫ መልስ መጣ፣ ሁለት አጭር መስመር።
«ሦስት ይበቃናል። ገብቷል» ይላል የላይኛው።
የታችኛው፦ «ዝተት ምንድን ነው?»

የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሰው ስልክ ላይ፣ የልጁ ፎቶ
ቅንጣት ታህል ቀድሞ ይከፈታል ፈክቶ፤
አያውቀውም እሱ። እኔም አላውቀው።
ለጥያቄው ግን መልስ ስፈልግ ቃል አጣሁ፤
ፈረቃዬ ደርሶ፣
ዝተቱን አልጋው ላይ ዘርግቼ ወጣሁ።

ገና እንደሞቀ ነበር።